ሰሌክተሩ ኦፍ ላይ ነበር

መብራት የሄደው ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እኔ ከሕንፃችን ፊት ለፊት ካለችው ጀበና ቡና ተቀምጬ ሁለተኛውን ስኒ ይዣለሁ። አልደነገጥኩም። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ሄደ ብሎ የሚደነግጥ ቴክኒሻን የለም። ጆሮዬ የሚጠብቀው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው፤ ከምድር ቤት የሚወጣውን የጄኔሬተር ጉርምርምታ። አስር እስክቆጥር ይነሳል። ሁሌም ይነሳል።

አስር ቆጠርኩ። ሃያ ቆጠርኩ። ሠላሳ ላይ ስኒውን አስቀምጬ ሮጥኩ። ሒሳብ እንኳን አልከፈልኩም።

ሕንፃው ከብሔራዊ ቴአትር ብዙ አይርቅም። ዘጠኝ ፎቅ፣ ሁለት ሊፍት፣ ስድስተኛው ላይ የጥርስ ክሊኒክ። ኤሌክትሪኩም፣ ውሃውም፣ ሊፍቱም፣ ጄኔሬተሩም በእኔ እጅ ነው። በር ላይ የጥበቃው ጋሼ ያዙኝ። «አንተ ልጅ፣ ሊፍት ውስጥ ሰው አለ!» አሉ። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መሀል አንዲት እማማ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተይዘዋል። በሩን በጃንጥላ እጀታ ሲደበድቡ ከታች ይሰማል።

ምድር ቤት ወርጄ ፓኔሉን በስልኬ መብራት አየሁት። ባትሪው ደህና ነው። ናፍጣው ከግማሽ በላይ ነው። ዘይቱ አዲስ ነው፤ ከሦስት ቀን በፊት እኛው ነን የቀየርነው። ሰሌክተሩ ግን፣ ጄኔሬተሩ በራሱ እንዲነሳ ወይም እንዳይነሳ የሚያደርገው ማዞሪያ፣ ኦፍ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይትና ፊልትሮ ሲቀየር ሞተሩ ድንገት ተነስቶ እጅ እንዳይበላ ሰሌክተሩ ከአውቶ ወደ ኦፍ ይዞራል። ትክክለኛ አሠራር ነው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ወደ አውቶ ይመለሳል። እኛ ሥራውን ጨረስን፣ እጃችንን በናፍጣ ታጠብን፣ ምሳ ሄድን። ሰሌክተሩን ያስታወሰው የለም። መጨረሻ ላይ ከክፍሉ የወጣሁት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ወደ አውቶ አዞርኩት። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። እማማ ከሊፍቱ ሲወጡ «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ አወጣኸኝ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ያስገባኋቸው እኔው መሆኔን አያውቁም።

ሥራ አስኪያጇ ደውላ «ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። «ሪሌዩ ይዞ ነበር፣ ተስተካክሏል» አልኳት። ዋሸሁ። ውሸቱ ራሱ ነው የወጣው፤ አስቤበት እንኳን አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃ ቴክኒሻን ቡና ልንጠጣ መጣ። ለእሱ እውነቱን ነገርኩት። ሳቀ። «እኛም እኮ አምና ጥቅምት ላይ ይቺው ናት የደረሰችብን» አለ። የእነሱም ጄኔሬተር ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሰርቪስ የሚያደርግልንም አንድ መካኒክ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? አፍሬ ነዋ።»

አልተቀየምኩትም። እኔም ብሆን አልነግረውም ነበር። ገበና ይሸፈናል እንጂ በየቡናው አይዘረዘርም ተብለን ነው ያደግነው።

ይህ በሆነ ሰሞን ከተማው ሌላ ወሬ ይዟል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የህዳሴ ግድብ ሲመረቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀጥለው ከሚመጡት ሥራዎች መሀል የኒውክሌር ጣቢያን ጠቅሰው ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ሮሳቶም ጋር የሥራ ዕቅድ ተፈረመ። ቡና ላይ ሁሉም የኒውክሌር አዋቂ ሆነ። አንዱ ቼርኖቤል ይላል፣ አንዱ ከእንግዲህ መብራት አይጠፋም ይላል። እኔ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ዩራኒየም እንዴት እንደሚሰነጠቅ ላውቅ ብዬ ገብቼ ያገኘሁት የራሴን ሰሌክተር ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979፣ አሜሪካ፣ ፔንሲልቫኒያ፣ ስሪ ማይል አይላንድ የሚባል የኒውክሌር ጣቢያ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ የሁለተኛው ሪአክተር፣ ማለትም ዩራኒየሙ የሚሰነጠቅበት ክፍል፣ ዋና የውሃ ፓምፖች ቆሙ። ችግር የለም፤ ለዚህ ተብለው የተቀመጡ ሦስት ተጠባባቂ ፓምፖች አሉ። እነሱም እንደታዘዙት ተነሱ። ውሃው ግን አላለፈም። ፓምፖቹ ፊት ያሉት ሁለት ቫልቮች ዝግ ነበሩ። ከሁለት ቀን በፊት ፍተሻ ሲደረግ ተዘግተው፣ ሲያልቅ መከፈት ሲገባቸው እንደተዘጉ ቀርተዋል። ኦፕሬተሩ ነቅቶ እስኪከፍታቸው ስምንት ደቂቃ አለፈ። ፓኔሉ ላይ የቫልቮቹን ሁኔታ የሚያሳዩ መብራቶች ነበሩ፤ አንዱን የጥገና ወረቀት ተንጠልጥሎ ሸፍኖት ነበር።

ይህን ያነበብኩት አልጋዬ ላይ ነው። ተነስቼ ተቀመጥኩ።

በነገራችን ላይ፣ ነዳጁን ያቀለጡት እነዚያ ስምንት ደቂቃዎች አይደሉም። ዋናው ጉዳት የመጣው ከሌላ ቫልቭ ነው። ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ተከፍቶ አልዘጋም አለ። የሪአክተሩ ውሃ በእሱ በኩል መውጣቱን ቀጠለ። ፓኔሉ ላይ ያለው መብራት ግን የተዘጋ አስመሰለው። ለምን? መብራቱ የሚያሳየው ቫልቩ መዘጋቱን ሳይሆን፣ ዝጋ የሚለው ትእዛዝ መተላለፉን ነበር። ትእዛዙ ተላልፏል። ቫልቩ አልሰማም። ኦፕሬተሮቹ ከሁለት ሰዓት በላይ ውሃ ሞልቷል ብለው ሲያስቡ ሪአክተሩ ይደርቅ ነበር። በኋላ ከፍተው ሲያዩት ከነዳጁ ግማሽ ያህሉ ቀልጧል።

ልጅ ሱቅ ልከህ «ሂድ» ስላልከው ብቻ ደርሷል ብለህ እንደመተኛት ነው።

ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ግን የሚቀጥለው ነው። በ1977፣ ማለትም አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ ቤሲ የሚባል ጣቢያ ላይ ይኸው ነገር ደርሶ ነበር። ሪአክተሩን የሠራው ኩባንያ ያው ነው። ያው ዓይነት ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። እዚያ ሪአክተሩ በ9 በመቶ ኃይል ብቻ ስለነበር፣ ኦፕሬተሩም በሃያ ደቂቃ ገደማ ስለነቃ፣ ነገሩ በዚያው አለፈ። በሠሪው ኩባንያ ውስጥ አንድ መሐንዲስ ይህ ሌላ ቦታ በሙሉ ኃይል ቢደርስ አደገኛ ነው ብሎ በጽሑፍ አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ቆየ። ስሪ ማይል አይላንድ ያሉት ኦፕሬተሮች ጋ አልደረሰም።

የመንገድ ማዶው ወዳጄ «አፍሬ ነዋ» ያለኝ ትዝ አለኝ። እነሱ ያፈሩ አይመስለኝም፤ የቢሮ መዘግየት ነው። ውጤቱ ግን አንድ ነው። ጎረቤት ያየውን ጎረቤት አላወቀም።

አሜሪካኖቹ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ገረመኝ። በዚያው በ1979 መጨረሻ፣ ጣቢያ ያላቸው ኩባንያዎች ሁሉ ተሰብስበው ኢንፖ የሚባል ተቋም አቋቋሙ። አንዱ ጣቢያ ላይ የተበላሸች ነገር፣ ትንሽም ብትሆን፣ ተጽፋ ለሌሎቹ ትላካለች። ከሌላ ጣቢያ የመጡ ባለሙያዎች ያንተ ጣቢያ ገብተው ይዞራሉ፤ የሚንጠባጠብ ዘይት፣ የዛገ ብሎን፣ የተሳሳተ ወረቀት ይለቅማሉ። አስበው እስቲ፤ የመንገድ ማዶው ቴክኒሻን ምድር ቤቴ ወርዶ ጉድለቴን ሲጽፍ። ከቼርኖቤል በኋላ ደግሞ በ1989 ዋኖ የሚባለው ዓለም አቀፉ መጣ። ፍቅር አይደለም ያሰባሰባቸው። አንዱ ጣቢያ ቢበላሽ ሕዝቡ ሁሉንም ዝጉ እንደሚል ገብቷቸው ነው።

በቁጥርም ይታያል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ጣቢያዎች ማመንጨት ከሚችሉት 60 በመቶውን እንኳን አያመነጩም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ 90 በመቶ አካባቢ ሆነዋል። የሚበዙት እነዚያው አሮጌ ሪአክተሮች ናቸው። አዲስ ተአምር አልተገዛም። ሕጉም ጠበቀ፤ ከ1996 ጀምሮ «ጥገና አድርጌያለሁ» ብሎ መፈረም ብቻውን አይበቃም፣ ጥገናው ዕቃውን አስተማማኝ ማድረጉን እየለኩ ማሳየት ግድ ነው። እኔ ጋ ቢመጡ የፊርማ ደብተሬ ንጹሕ ነው። ዘይት ተቀይሯል፣ ፊርማ። ፊልትሮ ተቀይሯል፣ ፊርማ።

ሰኞ ሰኞ ጄኔሬተሩን እሞክረው ነበር። ቁልፉን በእጄ ተጭኜ አስነሳዋለሁ፣ አምስት ደቂቃ አዳምጠዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ። ሲነሳ ደስ ይለኛል። የአሜሪካ ኒውክሌር ጣቢያዎች ግን መጠባበቂያ ዲዝሎቻቸውን፣ ማለትም የናፍጣ ጄኔሬተሮቻቸውን፣ በየወሩ አስነስተው ወደ ሙሉ በተጠጋ ጭነት ቢያንስ አንድ ሰዓት ያሠሯቸዋል። ሪአክተሩ ነዳጅ ሊቀየርለት ሲቆም ደግሞ የውጭ መብራት የጠፋ አስመስለው፣ ማንም ሳይነካው ሞተሩ በራሱ መነሳቱንና ጭነቱን በየተራ መቀበሉን ያያሉ። እኔ ዓመት ሙሉ ስሞክረው የኖርኩት ሞተሩን ነው። መብራት ሲሄድ ራሱ መነሳቱን አንድም ቀን አልሞከርኩም።

አሁን በወር አንድ እሑድ ማለዳ ዋናውን ብሬከር እጥለዋለሁ። ምድር ላይ ያለው ኬክ ቤት በሚገባ ይሰድበኛል።

የጃፓኑን ፉኩሺማ ሁሉም ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. 2011፣ መሬት መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ ማዕበል። መጠባበቂያ ዲዝሎቹ አብዛኞቹ ምድር ቤት ስለነበሩ ውሃ ዋጣቸው። ከ13ቱ ሥራውን የቀጠለው አንድ ብቻ ነው፤ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ከፍ ያለ ቦታ የተቀመጠ። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሪአክተር ያዳነው እሱ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሌሎች ሁለት በአየር የሚቀዘቅዙ ዲዝሎችም ራሳቸው አልተነኩም ነበር። ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ፓኔል ግን ታች ስለነበር ውሃ ገባበት። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ መብራቱን የሚያስተላልፍለት አጣ።

የእኛስ ጄኔሬተር የት ነው? ምድር ቤት። ፓኔሉስ? አጠገቡ፣ ወለሉ ላይ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ በመኪና መውረጃው በኩል የሚገባውን ውሃ በመጥረጊያ የምገፋው እኔ ነኝ። ፓኔሉ ከፍ ይበል ብዬ ጥያቄ ጽፌያለሁ። መልስ እየጠበቅኩ ነው።

ወደ ዴቪስ ቤሲ ልመለስ፣ ምክንያቱም ያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2002 እንደገና መጣ። ሪአክተሩ ክዳን ላይ ውሃ በቀጭን ስንጥቅ ይወጣል። ውሃው ውስጥ ቦሪክ አሲድ አለ። አሲዱ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለውን ብረት በላው፣ በላው፣ መጨረሻ ላይ ግፊቱን የያዘው ውስጠኛው የማይዝግ ብረት ልባስ ብቻ ሆነ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ። ሊፈነዳ ጥቂት የቀረው ነገር ነበር።

ቀድሞ ምልክት አልነበረውም? ነበረው። በሪአክተሩ ቤት ውስጥ አየሩን የሚመረምሩት መሣሪያዎች ፊልትሮ በወር አንዴ ይቀየር የነበረ፣ በየአንድ ሁለት ቀኑ መቀየር ግድ ሆነ። ዝገት የመሰለ ነገር እየሞላ ነዋ። ሠራተኞቹ ቀየሩት። በማግስቱ ቀየሩት። ጎበዞች ናቸው፣ አላጓደሉም። ዝገቱ ከየት ነው የሚመጣው ብሎ እስከ ምንጩ የተከተለው ግን የለም።

እዚህ ጋ ልፈርድባቸው አልቻልኩም። ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ፓምፕ ፊውዝ በየሳምንቱ ሲቃጠል ስንት ጊዜ ዝም ብዬ ቀይሬያለሁ። ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት ፊውዝ ይዤ መዞር ጀምሬ ነበር። ዝግጁነት መስሎኝ።

አፍሪካ ውስጥ ሥራ ላይ ያለው የኒውክሌር ኃይል ጣቢያ አንድ ነው፤ ኬፕታውን አጠገብ ያለው ኩበርግ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ የአንደኛው ሪአክተር ጄኔሬተር ውስጥ የቀረ አንድ ብሎን ጄኔሬተሩን አበላሸው። አንድ ብሎን! ከተማው ለወራት በመብራት ፈረቃ ተሠቃየ። ምትክ የሚሆነው የጄኔሬተር ሮተር፣ የሚሽከረከረው ክፍል፣ ከፈረንሳይ በባሕር ኃይል መርከብ ተጭኖ መጣ። ጣቢያው የፈረንሳይ ሥሪት ስለሆነ ፈረንሳይ ተመሳሳይ ዕቃ ነበራት። ተመሳሳይ ዕቃ ማብዛት ጥቅሙ ይህ ነው፤ ቪትዝ በሞላበት ከተማ የቪትዝ መለዋወጫ አይቸግርም። ጉዳቱም አለ። እዚያው ፈረንሳይ በ2021 መጨረሻ አንዱ ሪአክተር ቧንቧ ላይ ስንጥቅ ሲገኝ፣ ተመሳሳዮቹም ይኖራቸዋል ተብሎ ብዙዎቹ ለምርመራ ቆሙ። በ2022 አገሪቱ ከአርባ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሸጠችው በላይ ኤሌክትሪክ ገዛች።

የብሎኑን ታሪክ ለመካኒካችን ነገርኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ጣልያን ሠራሽ ሞተር ላይ ያደጉ። ሳይደነቁ ሰሙኝ። ሥራ ሲጀምሩ አንድ አሮጌ ጨርቅ ያነጥፋሉ፣ ቁልፎቹን በቁጥራቸው ተራ ይደረድራሉ። ሲጨርሱ እያንዳንዱ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ሞተር አይዘጉም። እኔ ይህን የሽማግሌ አመል አድርጌ ነበር የማየው። ኒውክሌር ጣቢያ ውስጥም ጄኔሬተር ሲከፈት የሚገባው መሣሪያ ተቆጥሮ ገብቶ ተቆጥሮ ይወጣል።

«ሰሌክተሩን ግን ጨርቁ ላይ አላነጠፍነውም» አሉኝ። ያን ቀን አብረውኝ ነበሩ። እሳቸውም ሲያስቡት ከርመዋል ማለት ነው።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ ጋ ወጣሁ። «ያን ቀን ሪሌዩ አልነበረም፣ እኔ ነኝ ኦፍ ላይ የተውኩት» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ደሞዜን ሰላሳ ጊዜ አሰብኩት። «ለምን ያኔ አልነገርከኝም?» አለች። እኔም የመንገድ ማዶው ልጅ ያለኝን ነው ያልኩት። ትንሽ ቆይታ «እና ምን ይደረግ?» አለች። ምን እንደሚደረግ አስቤበት ነበር የወጣሁት።

የጥበቃው ጠረጴዛ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ተከልኩ። ገመዷን የሳብኩት ከራሱ ከሰሌክተሩ ነው። አውቶ ላይ ካልሆነ አትበራም። ኃይሏ ከጄኔሬተሩ ባትሪ ነው፤ ባትሪው ከሞተም ትጠፋለች፣ ገመዱ ቢበጠስም ትጠፋለች። ቀይ ትሁን፣ ችግር ሲኖር ትብራ ያለኝ ሰው ነበር። እምቢ አልኩ። ችግር ሲመጣ የምትበራ አምፖል ራሷ ብትቃጠል ማን ያውቃል?

የሰፈሩ ቴክኒሻኖችም አሁን የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አስራ አንድ ነን። መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሰሌክተሩን፣ እማማን፣ ውሸቴን። ለሁለት ቀን መልስ የጻፈ የለም። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዱ የተቀደደ የራዲያተር ጎማ ፎቶ ላከ፣ «ሰው ሳያየው ነው የከረመው» ብሎ። ከዚያ ሌላው። አንዳንዱ ስሙን አይጽፍም፣ «አንድ የማውቀው ሕንፃ» ይላል። ይሁን።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። «ልጄ፣ ያቺ አረንጓዴ ጠፍታለች።» ለብሼ በላዳ መጣሁ። ምድር ቤት ወረድኩ። ሰሌክተሩ አውቶ ላይ ነው፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ገመዱም ደህና ነው። አምፖሏ ናት የተቃጠለችው።

«በከንቱ በሌሊት አመላለስኩህ» አሉኝ ጋሼ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

«ኧረ ጋሼ፣ ደግ አደረጉ» አልኳቸው። አዲስ አምፖል ገጠምኩ። ከቴርሞሳቸው ሻይ ቀዱልኝና ታክሲ እስኪጀምር አብረን ተቀመጥን።